«እትዬ ዘሃራ በይኝ»

ልጅ ሳለሁ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለን እኛ ልጆች ብቻ ነበርን፤ መብራት ጠፋ ማለት ጎረቤታችን የሰይድ እናት ተረት ሊነግሩን ነው ማለት ነበርና። ያኔ የከሰል ምድጃቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ ፍሙን በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ ጅቡንም ጦጣውንም በየድምፃቸው ሲያናግሩ፣ ጢሱ ዓይናችንን እየለበለበን እንኳ ከአጠገባቸው አንርቅም ነበር። ዘሃራ መባላቸውን ያወቅሁት የቀበሌ ሰው መጥቶ ሲመዘግባቸው ስለሰማሁ ነው። የወለደች ሴት በልጇ ትጠራለች፤ ለእኛ ግቢ ይህ ክብርም ፍቅርም ነበር።

ሰይድ ግን ጠፋ። ለሥራ ዐረብ አገር እሄዳለሁ ብሎ ወጣ፣ ከባሕሩ ዳር ሆኖ «ነገ እንሻገራለን» ብሎ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ አለ ወይም ሞተ የሚለን ሰው አልተገኘም። እኛ ግን እንደ ድሯችን ነን። «የሰይድ እናት፣ ውሃ መጣ!» «የሰይድ እናት፣ ጨው ይኖርዎታል?» በቀን ሃያ ጊዜ።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ስንከባቸው የማናውቀውን ተረት ጀመሩ። አንዲት ሴት ወንዝ ልትሻገር ስትል ጠባቂው «ስምሽን ካልነገርሽኝ አላሳልፍሽም» ይላታል። እሷ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት ስትባል ኖራ ስሟ ጠፍቶባታል። መንደሯ ተመልሳ ብትጠይቅም የሚያውቅላት አጣች።

«ከዚያስ?» አልናቸው።

«ከዚያማ እዚያው ወንዙ ዳር ቀረች» አሉና ፍሙን በአመድ አዳፈኑት።

ሌሎቹ ልጆች ሲበተኑ እጄን ያዙኝ። «ስሚ የኔ ልጅ፣ አንቺ እንኳን እትዬ ዘሃራ በይኝ። በአላህ። የሱን ስም በሰማሁ ቁጥር በሩን ነው የማየው።»

ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን አቁማ፣ «እንዳትሞክሪው!» አለችኝ። «የሰይድን ስም ከላያቸው ካነሳንማ ሞቷል ብለን ቀበርነው ማለት ነው። እኛ ነን እንዴ ልጃቸውን የምንቀብረው?»

እሷም እውነት ነበራት። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ ሳገኛቸው ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ።

«ደህና አደሩ፣ የሰይድ እናት» አልኳቸው።

«አልሃምዱሊላህ» ብለው ጄሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋም በረንዳው ላይ ምድጃ አልወጣም።

ዓመታት አለፉ፤ ሰፈራችን ፈረሰና ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበተንን። የት እንደገቡ ያልጠየቅሁት የድሮ ጎረቤት የለም። ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ አየኋቸው። ጎብጠዋል። ሊሳፈሩ ከፊታቸው ሁለት ሰው ብቻ ቀርቷል።

«እትዬ ዘሃራ!» ብዬ ጮህኩ። አልዞሩም። «እትዬ ዘሃራ! እትዬ ዘሃራ!» ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ እሳቸው ብቻ አልዞሩም። አንድ እግራቸው ታክሲው ውስጥ ገባ። አሁን ካመለጡኝ ዳግም እንደማላገኛቸው ሳስብ ጨነቀኝና፣ ያ የፈራሁት ስም ከአፌ ወጣ።

«የሰይድ እናት!»

እንደ ልጅ ፈጥነው ዞሩ። እኔን ግን አላዩኝም፤ ዓይናቸው ከኋላዬ የቆመውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ይፈልግ ነበር።

ያ ተረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በመንደሩ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም ብለውን ነበር። ነበር እንጂ፤ አንዲት ልጅ ታውቅ ነበር፣ ፈርታ ዝም አለች።