በጡሩምባ የተጠራው ትርዒት

እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ «መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። እሾሁን ማን እንደተከለው ግን አሳምራ ታውቃለች። ያደግሁበት ቤት ሲጠብቅ የሚኖር ቤት ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ አትነሳም፤ ቀና ብላ እኔን ታየኛለች፣ እኔ ሮጬ እከፍታለሁ። ጎረቤት ይሆናል፣ ከሰል ሻጭ ይሆናል። አባቴ ግን ሆኖ አያውቅም።

አባቴ ጣሊያን ከአራዳ አፍሶ ከወሰዳቸው ሰዎች አንዱ ነው። እኔ ያን ጊዜ ጡት እንኳ አልጣልኩም። ጣሊያን ሲወጣ የታሰሩት ተመለሱ፣ የተሰደዱት ተመለሱ፣ የሞቱትም መርዷቸው መጣ። የእሱ መርዶም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። የእድር ሴቶች «ተይ አንቺ ሴት፣ እንቀመጥልሽና እርምሽን አውጪ» ብለው ስንቴ ለመኗት! «መሞቱን ያየ ሰው አምጡልኝ» ትላለች፣ በቃ። እኔም የሞተ ይሁን ያለ የማይታወቅ አባት ይዤ አደግሁ። ሰው «አባትሽ የት ነው?» ሲለኝ ደሜ ይፈላ ነበር። እርሟን አውጥታ ባረፈች፣ እኔም ባረፍኩ እያልኩ በየቤተ ክርስቲያኑ ተስያለሁ።

ሥራ የያዝኩት እዚያው ፒያሳ፣ ለከተማው ሕዝብ ተብሎ በተሠራ የሥዕል አዳራሽ ውስጥ ነው። ጸሐፊ ተብዬ ልቀጠር እንጂ ቀኑን ሙሉ ስዞር ነበር የምውለው። ኃላፊያችን ባሕር ማዶ ተምረው የመጡ ትሑት ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባቸዋል። ለሕዝብ የተባለውን አዳራሽ የሚጎበኙት ፈረንጆችና ከአራት ኪሎ የሚመጡ ተማሪዎች ናቸው። በራችን ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠው የጉራጌ ነጋዴ እንኳ አንድ ቀን ገብቶ አያውቅም። ለምን አትገባም ብዬ ብጠይቀው «ሥዕል ለመሳለም ከሆነ ጊዮርጊስ አለልኝ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም ሳቅሁ።

ኃላፊው አስበው አስበው፣ ሕዝቡ ካልመጣ ራሱን ሕዝቡን ግድግዳው ላይ እንስቀለው አሉ። ከየቤቱ ፎቶግራፍ እንዋሳለን፤ የሰፈሩ አርመን ፎቶ አንሺ ያጎላልናል፤ በጥቁር ክፈፍ አስገብተን እንደረድራለን። ለመዞር ማን እንደ እኔ! በሳምንቱ የሞተውንም ያለውንም ሰብስቤ መጣሁ። ነጋዴውም ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ የተነሳውን ሰጠኝ፤ «ከፊት ለፊት ካልሆነ ወዮልሽ» ብሎ።

ለእናቴ ያወራሁላት እንዲሁ ለጨዋታ ነበር። ብድግ ብላ ሳጥኗን ከፈተችና የአባቴን ፎቶ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ሌላ የለንም። አጠገባችን የነበረችው ጎረቤታችን ደንግጣ «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ!» አለቻት።

«ብዙ ሰው ያየዋል አላለችም ልጄ?» አለች እናቴ። «ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ አብሮት ታስሮ ይሆናል።»

ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚባል ነገር ከእኔ ራቀ። አንዱ መጥቶ አውቀዋለሁ ቢልስ? ምን ብሎ ነው የሚያውቀው?

ሕዝቡ እንዴት ይጠራ ሲባል ኃላፊው የእድሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ምንም አላመነቱ። «የዚህ ሰፈር ሰው በጡሩምባ ካልሆነ አይነቃነቅም፤ የእኛው ነፊ ይንፋላችሁ» አሉ። ኃላፊው በደስታ እጅ ነሷቸው። ያ ጡሩምባ ሰው ሲሞት እንጂ ለሌላ ተነፍቶ እንደማያውቅ ማንኛችንም ትዝ አላለንም፣ ጉድ እኮ ነው!

ጎህ ሲቀድ ተነፋ። ነፊው የተነገረውን አንድም ሳያጎድል ጮኾ ነበር፤ የሥዕል ትርዒት መሆኑን፣ አዳራሹን፣ መግቢያው ነጻ መሆኑን። ግን ጡሩምባ ከተነፋ ወዲያ ሰው የሚሰማው የት እንደሆነ ብቻ ነው።

ፀሐይ ሞቅ ሲል በሩን ብከፍት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጥቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጥቁር ካፖርት ደርበዋል፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች በሸክም ይመጣሉ። ገቡና ያን ሁሉ የሚያውቁትን ፊት በጥቁር ክፈፍ ተደርድሮ አዩት።

«ወይኔ! ይሄ ሁሉ ሰው ባንድ ሌሊት!» አለች አንዷ፤ ከዚያ ማን ይቻላቸው፣ አዳራሹ በለቅሶ ተናጋ። ኃላፊው «ትርዒት ነው፣ እናቶቼ፣ ትርዒት ነው!» እያሉ ይራወጣሉ። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ቢመጣ ሴቶች ከፎቶው ሥር ደረት ይደቃሉ። «ኧረ በሕግ አምላክ! አለሁ!» ብሎ ወንበር ላይ ወጣና ራሱን ከግድግዳው አወረደ። «በቁሜ አታልቅሱብኝ!»

ሰው ሁሉ ሟርቱን ያኔ አሰበው። ልጁን፣ ባሏን፣ ራሱን፣ እያንዳንዱ በሕይወት ያለውን የራሱን ሰው አወረደ። የሞቱትን ማንም አልነካቸውም፤ ባሉበት ቀሩ።

እናቴ በጠዋት መጥታ፣ ነጠላዋን እንደ ወትሮዋ አጣፍታ፣ ከአባቴ ፎቶ አጠገብ ቆማ ነበር። ያን ሁሉ ግርግር አላየችም፤ የምታየው ፎቶው ፊት የሚቆመውን ሰው አፍ ነው። አንድ ሽማግሌ ብዙ ቆዩ። «ያውቁታል?» አለቻቸው። «አላውቀውም እናቴ፤ ነፍስ ይማር» ብለዋት አለፉ። ፊት ለፊቷ «ነፍስ ይማር» ያላት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ወንበር ጎትቼ ወጣሁ።

«እማዬ፣ ላውርደው?»

ቀና ብላ በግራና በቀኙ የቀሩትን አየች፤ የሁሉም ቀብር ላይ ተገኝታለች። ስንት ዓመት ሙሉ እርሟን እንድታወጣ የተሳልኩት እኔ፣ ያን ጊዜ «አውርጂው» እንድትለኝ አምላኬን ለመንኩ።

«ተዪው» አለችኝ።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ዘረጋችው፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ሴቶቹ አፍረው ወደ በሩ እየወጡ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለቻቸው። «ከመጣችሁ አይቀር፣ ተቀመጡልኝ እንጂ።»