ቅቤ የሌለበት ቅቤ

የልጄ መንጋጋ ጥርስ ጠቁሮ መበስበስ በጀመረ ጊዜ የጤና ጣቢያዋ ሐኪም «ጣፋጭ ነገር ቀንሺላት» አለችኝ። መቀነሱስ ቀላል ነበር፤ የከበደኝ በምትኩ የምትበላውን ማግኘት ነው። ልጄ ዳቦ የምትነካው የሱቅ ቸኮሌት ሲቀባላት ብቻ ነበር። ያለዚያ በባዶ ሆዷ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ምሳ ዕቃዋም እንደሄደ ይመለሳል። ቀጭን ናት። ገላዋን ሳጥባት የጎድን አጥንቷ እጄን ሲቆረቁረኝ ጭንቀቱ አይለቀኝም።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከቸኮሌቱ ዕቃ ጀርባ ያለውን ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አገላብጬ አየዋለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምን እንደማበላት አለማወቄ ያስፈራኝ ስለነበር እኔው ልሠራው ወሰንኩ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ልጄ ሰባት ዓመት ስለሞላት «እንደ አያቴ እጾማለሁ» ብላ፣ ወተት አለበት ሲሏት የሱቁን ቸኮሌት በራሷ ተወችው። ጥሩ አጋጣሚ መሰለኝ። ከኮልፌ ገበያ ለውዝ ገዛሁ። የሻገተ ለውዝ ጉበት ይጎዳል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሰፌድ ላይ ዘርግቼ የተጨማደደውንና የጠቆረውን አንድ በአንድ ለቀምኩ። በለስላሳ እሳት ቆልቼ፣ ገለባውን አሽቼ አበጠርኩት። ጁስ መፍጫው ውስጥ መጀመሪያ እንደ በሶ ዱቄት ሆነ፤ ቀጥሎ ጓጎለ። አበላሸሁት ብዬ ውሃ ልጨምርበት ስል የራሱን ዘይት አውጥቶ ላላ። ረመዳንም ገጥሞ ስለነበር ተምር በየሱቁ ሞልቷል። በስኳር ፈንታ ጥቂት ተምር ዘፍዝፌ፣ ፍሬውን አውጥቼ፣ ከካካዋ ዱቄትና ከትንሽ ጨው ጋር አብሬ ፈጨሁት። ስቀምሰው እኔው ደነገጥኩ፤ ይጥማል።

ጠዋት ዳቦዋ ላይ ቀባሁላት።

«ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የለውዝ ቅቤ ነው፣ የኔ እናት። እኔ ነኝ የሠራሁልሽ።»

አፏ ጋ ያደረሰችውን ዳቦ መለሰችው። «ቅቤ? እማዬ፣ በጾም?»

«ስሙ ነው እንጂ ቅቤ የለበትም።»

«ከሌለበት ለምን ቅቤ አልሽው?»

ሰው ሁሉ ሲለው ሰምቼ ነው ያልኩት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ላታልላት የፈለግኩ መስሏታል። ዳቦውን ገፋ አድርጋ ቦርሳዋን አነሳች።

ይሄኔ አብረውን የሚኖሩት አማቴ ከኪዳን ተመልሰው ገቡ።

«ምነው ፊትሽን ጣልሽው?» አሏት።

«እማማ፣ እማዬ ቅቤ ልታበላኝ ነው!»

«እናትሽ ደግሞ ላም መቼ ገዛች?» አሉና ማንኪያውን አንስተው አሸተቱት። «ይሄማ ለውዝ ነው፣ የሱፍ ዘመድ። ደግሞስ ቅቤ እንዲህ ይጠቁራል? ጭቃ አይመስልም?»

ልጄ ሳታስበው ሳቀች። «ጭቃ ይበላል እንዴ?»

«የጾም ጭቃ ይበላል» አሉ አማቴ ኮስተር ብለው። «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቄ ነው እንጂ ላንቺ አልተውልሽም ነበር።»

ዳቦውን መልሳ አነሳችው። ጫፉን ነከስ አድርጋ አኘከች። «ይጣፍጣል?» ልላት አፌ ድረስ መጣ፤ ብጠይቃት የምትተወው መስሎኝ ዋጥኩት። ዕቃ የማጥብ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋት።

«እማዬ» አለች አፏ እንደሞላ፣ «ምሳ ዕቃዬ ውስጥም ጭቃውን አድርጊልኝ።»

እጄን ሳላደርቅ፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ልድረስ ብዬ ዳቦ መቁረጥ ጀመርኩ።