የኩንዳራ «አይከፋም»

ወንድሜ ሊንድሲ ኩዌፍ በኩንዳራ የባሕር ዳርቻ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጎን ባለችው የእንጨት ኪዮስክ ተቀምጦ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ለእንግዶች መረጃ ሲሰጥ ኖረ። ሰዎች «ሠላሳ ዓመት» ይላሉ። ሠላሳ አይደለም፤ የዕለት ደብተሮቹ እኔ ዘንድ ስላሉ ቆጥሬያለሁ። ደመወዝ አልነበረውም። ከዚያ በፊት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ኔሪዳ «ወይ አንተ ከቤት ትወጣለህ ወይ እኔ» አለችው፤ እሱ ወጣ።

ራሱ እንደ እንቁላል መላጣ ስለነበር ከተማው ሁሉ «ጎፈሬ» ይለው ነበር። እዚህ ቅጽል ስም የሚወጣው በተቃራኒው ነው። ጀልባ ያለው ክሌም በቀን አሥር ቃል ስለማይናገር «ወሬኛው» ይባላል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የወረዳው መዝገብ ቤት ኃላፊ ከሆንኩ ጀምሮ «መሃይሟ» ነኝ።

ሙገሳውም ከዚህ አይለይም። በኩንዳራ የመጨረሻው ሙገሳ «አይከፋም» ነው፤ ከዚያ በላይ ሌላ ደረጃ የለም። ሊንድሲ ደግሞ ይህችን ቃል እንኳ ቆጥቦ ነበር የሚያወጣት። ሴት ልጁ የተወለደች ዕለት ሆስፒታል ገብቶ ብዙ ካያት በኋላ «አትከፋም» አለ፤ ኔሪዳ በደስታ አለቀሰች። ኔሪዳ ስትቀበርም ተነሥቶ «አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖርን፤ አልከፋም» ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ንግግር አላደረገም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መሀረብ ያላወጣ ሰው አልነበረም፤ ክሌም ሳይቀር።

«እጅግ በጣም ጥሩ» የምንለው ሌላ ጊዜ ነው። መኪና አልነሣ ሲል፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ወለሉን ሲያጥለቀልቀው፣ ጥርስ ሲሰበር።

እንዲህ ያለ አንደበት ይዞ እንግዳ መቀበል ቀላል አይደለም። የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ብሮሹር የሚታዩና የሚሠሩ ነገሮች ብሎ አሥራ አንድ ነገር ዘርዝሯል፤ አንደኛው የሚተፋው ድንጋይ ነው፤ ማዕበል ሲገባበት ውሃ ወደ ሰማይ የሚረጭ ዋሻ። ሊንድሲ ግን በየጠዋቱ ባሕሩን አይቶ ይመጣና «ዛሬ አኩርፏል፣ አይተፋም፤ አትልፉ» ብሎ ሰው ይመልሳል። ስለ ትልቁ የሲሚንቶ ሸርጣን ሐውልት ሲጠይቁት እግሮቹ ተሰባብረው ከአሥር ወደ ሰባት መውረዳቸውን አስቀድሞ ይናገራል፤ «ብትሄዱ ፎቶ ታነሣላችሁ፤ ባትሄዱ ምንም አይቀርባችሁም» ይላል። በምትኩ ወዴት እንደሚልክ እሱ ነው የሚያውቀው። ሰው አይቶ ነበር የሚልከው። የደከማት እናት ስትመጣ ጥላ ወዳለበት አግዳሚ ወንበር፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ሲመጡ እያንዳንዳቸውን ወደተለያየ የባሕር ዳርቻ። ሲመለሱ ያሉትን በደብተሩ ይጽፋል። ከተጣሉት ባለትዳሮች አሥራ አራቱ ተመልሰው አመስግነዋል፤ ሁለቱ ተፋተዋል፤ እነሱም አመስግነዋል።

ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት ነው። ከቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ኢሞጀን ቫሲሊዩ የምትባል ወጣት ገምጋሚ መጣች። አሥራ ሁለት ሰዎችን ጠይቃ ለኪዮስኳ ውጤት ልትሰጥ ነው። ቅጹ አምስት ደረጃ አለው፦ እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ። ከ«ጥሩ» በታች የወጣች ኪዮስክ ትዘጋለች።

መጀመሪያ የገባችው ዳቦ ቤት ነበር። ባለቤቷ ደልሲ ፕራውስ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እናውቃታለን። ልጅቷ ስለ ሚስተር ኩዌፍ ብትጠይቃት ደልሲ እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም አለች። ኪዮስክ ውስጥ ያሉት ስትላት ነው የገባት።

«እ፣ ጎፈሬ? ግትር ሽማግሌ ነው» አለች፣ ትሪዋን እየወለወለች። «አይከፋም።»

ኢሞጀን «መካከለኛ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። አስተያየት በሚለው ቦታ «ግትር» ብላ ጨመረች። ከዚያ ወጥታ ጎፈሬ ያለው ሰው ፍለጋ የባሕር ዳርቻውን ሁለት ጊዜ ተመላለሰች።

ክሌምም «አይከፋም» አለ፤ የቀኑን ቃል አንድ አሥረኛ በዚያ ጨረሰ። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዘጠኙም አንድ ቃል ተናገሩ። ከቀሩት ሦስት እንግዶች ሁለቱ «ጥሩ» ሲሉ ሦስተኛው መጸዳጃ ቤት እየፈለገ ነበር።

ሪፖርቱ በነሐሴ ወጣ። ቅጂው መዝገብ ቤት ስለሚገባ ቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ውጤት፣ መካከለኛ። ኪዮስኳ በጥቅምት መጨረሻ ተዘግታ በቦታዋ በጣት የሚነካ ስክሪን ይተከላል፤ ከዚያ በፊት ጥቅምት አሥራ አራት ቀን ውጤቱ የሚጸናበት ወይም የሚለወጥበት የመጨረሻ ጉብኝት ይደረጋል። ወረቀቱን ይዤለት ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበውና አጣጥፎ መለሰልኝ።

«እጅግ በጣም ጥሩ» አለ።

ምን ያህል እንደተጎዳ ያወቅኩት ያኔ ነው። ኔሪዳ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የሚገባው ለመተኛት ብቻ ነበር። አንድ ሰው መስኮት አንኳኩቶ ምን ላድርግ ብሎ የሚጠይቀው እዚያች ኪዮስክ ውስጥ ብቻ ነው። የዚያን ምሽት ኪዮስኳን ስንቆልፍ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ስክሪኑ ሲመጣ እኔ የት ነው የምቀመጠው?» አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀኝ።

በማግስቱ በሣር ላይ ኳስ በሚያንከባልሉት ሽማግሌዎች ክበብ ሰው ሰብስቤ ሪፖርቱን አነበብኩላቸው። ለሊንድሲ አልነገርነውም፤ ቢያውቅ ይከለክለናል።

«እኔ እኮ አሞገስኩት» አለች ደልሲ አንብቤ ስጨርስ።

አምስቱን ደረጃዎች በሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። «አይከፋም» የሚባል ደረጃ ቅጹ ላይ እንደሌለ፣ የውጭ ሰው ቃሉን እንደሰማው እንደሚወስደው ነገርኳቸው። አንዳንዱ ይህ የገምጋሚዋ ጥፋት እንጂ የኛ አይደለም አለ፤ ሌላው ሰውን ፊት ለፊት ማሞገስ ነውር ነው ብሎ ተከራከረ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ጥቅምት አሥራ አራት የተጠየቀ ሁሉ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለውን እንዲናገር ተወሰነ። ለልምምድ በተራ አስነሣኋቸው። ደልሲ ዝንብ እንደገባባት ሰው ጉሮሮዋን ይዛ ተናገረችው። ክሌም ጣቱን እየቆጠረ «ሦስት ቃል ነው» ብሎ አቤቱታ አቀረበ። ያም ሆኖ እስከ ምሽት ድረስ ሁሉም ወጣላቸው።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማሰብ ሲገባኝ። ቃሉ ወጣላቸው እንጂ ድምፁ አልወጣላቸውም። እነዚህ ሰዎች «እጅግ በጣም ጥሩ»ን በሕይወታቸው ከፈነዳ ጎማ አጠገብ ቆመው ካልሆነ በቀር ተናግረውት አያውቁም።

ቀኑ ደረሰ። ኢሞጀን ከዳቦ ቤቱ ጀመረች። ደልሲ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ፣ ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን አጣማ «እጅግ በጣም ጥሩ ነው» አለቻት። ፖስታ ቤቱ እንደዚያው። ክሌም መረቡን ጥሎ፣ ሦስቱን ቃላት አንድ በአንድ እንደ ድንጋይ ወረወረላትና ጀርባውን ሰጣት። እኩለ ቀን ሲሆን ልጅቷ የሥጋ ፓይ በእጇ ይዛ ኪዮስኳ በር ላይ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል። እኔ የባሕሩን መምጫና መሸሻ ሰዓት የያዘውን ሠንጠረዥ ለሊንድሲ እየሰጠሁት ነበር።

«ሚስተር ኩዌፍ፣ ይህ ከተማ በሙሉ እያሾፈብኝ ነው» አለች።

«ምን አሉሽ?»

«እርስዎ እጅግ በጣም ጥሩ እንደሆኑ።»

ሊንድሲ ሠንጠረዡን አስቀመጠ። «ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም።»

«ደልሲም?»

«እሳቸውም።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «ደልሲን ምን አደረግኳት?» አለኝ።

ልናገር አፌን ስከፍት ዓይኔን አይቶ አንድ ነገር እንደደበቅኩት ገባው። ልጅቷን ምን ማየት እንደምትፈልግ ጠየቃት። እሷም ሥራዋን ለመጨረስ ያህል የሚተፋውን ድንጋይ አለች።

«ዛሬ አይሆንም። አኩርፏል።»

«ብሮሹሩ ላይ አንደኛ ነው እኮ።»

«ብሮሹሩን የጻፈው ሰው ዛሬ ባሕሩን አላየም» አለ። ከመደርደሪያው ላይ ሰማያዊ ፎጣ አውርዶ ሰጣት። «ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ወደ ባሕር ገንዳው ውረጂ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጪ፤ ሁለተኛው ያዳልጣል።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ውሃ አለ። ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል።»

ይህን በቅጹ የትኛው ቦታ ላይ እንደምትሞላው አላወቀችም። ፎጣውን ይዛ እንደወጣች አንድ የባሕር ወፍ ከኋላዋ መጣና ፓዩን ሙሉውን ከእጇ ነጥቆ ሄደ። ልጅቷ ባዶ እጇን እያየች ቆመች።

«እጅግ በጣም ጥሩ» አለች በረጅሙ ተንፍሳ።

ሊንድሲ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «አየሽ፣ ልጄ? ቃሉ የሚያገለግለው ለዚህ ነው።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ዞረች። የያዘችውን ቅጽ ተመለከተችው፤ ከዚያ ዳቦ ቤቱን፤ ከዚያ መረቡን የሚጠግነውን ክሌምን። እንደ ገመትኩት፣ ስድብ እየሰበሰበች መዋሏን ያን ጊዜ አረጋገጠች። ያም ለሊንድሲ ከመካከለኛ የባሰ ነው። ነገሩን ሁሉ ያቀነባበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በገንዳው የሆነውን የማውቀው ከሁለት ምንጮች ነው፤ ከደልሲ አፍና ኢሞጀን በኋላ ከጻፈችው ደብዳቤ። ሁለቱ የሚለያዩት በርቀቱ ብቻ ነው፤ ደልሲ ሠላሳ ሜትር ትላለች፣ ኢሞጀን አሥራ አምስት። ሁለቱንም መዝግቤያለሁ።

ገንዳው ከዓለቱ የተቆፈረ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው ጸጥ የሚለው። ደልሲ ዳቦ ቤቷን ከዘጋች በኋላ ክረምት በጋ ሳትል እዚያ ትዋኛለች። የዚያን ዕለት በጀርባዋ ተንጋልላ ስትንሳፈፍ ልጅቷ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሰላምታ አልተለዋወጡም። ጥቂት ቆይቶ ከገንዳው ግድግዳ ማዶ አንድ ትልቅ ነገር እንደ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። እናት ዓሣ ነባሪ ነበረች፣ ግልገሏን ከጎኗ አድርጋ። ከትንፋሿ የወጣው ርጭት ሁለቱም ሴቶች ላይ ወረደ። ኢሞጀን ተነሥታ ወደፊት ስትሄድ ደረጃው አዳልጧት ከነልብሷ ገንዳው ውስጥ ገባች፤ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ሆና አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ግልገሉ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ጀርባው ላይ ወደቀ፣ እንደገና ዘለለ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ባሕሩ የገባውን ተራራ ዞረው ሄዱ።

ደልሲ እስኪሰወሩ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻቸው።

«አይከፋም» አለች።

ልጅቷ ወደ እሷ ዞረች። «ምን አሉ?»

«አይከፋም አልኩ።»

«በመጋቢት ስለ ሚስተር ኩዌፍ ስጠይቅዎ ያሉኝ ይህንኑ ነው።»

«አዎ።»

«ይህንኑ ቃል?»

ደልሲ ግራ ተጋባች። «ታዲያ ሌላ ምን ቃል አለ?»

ኪዮስኳ የምትዘጋው አሥር ሰዓት ላይ ነው። የዚያን ዕለት ግን አሥር ከሃያ አምስት ሆኖም ሊንድሲ አልተነሣም፤ እንግዳ ልኮ ሳይመለስለት ዘግቶ አያውቅም። ኢሞጀን ውሃ እያንጠባጠበች፣ በሰማያዊው ፎጣ ተጠቅልላ መጣች። ለእንግዳ የተቀመጠው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር።

«እንዴት ነበር?» አላት።

ፎጣውን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

«አይከፋም» አለች።

ሊንድሲ ባርኔጣውን አወለቀ። ኔሪዳ ከተቀበረች ወዲህ ሲያወልቀው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ልጅቷ መላጣውን አየች፣ ወዲያው ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ «ጎፈሬ» የሚለውም ስም ያን ሰዓት የገባት ይመስለኛል፤ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ከዚያ የመጋቢቱን ዘጠኝ ቅጾች ከቦርሳዋ አወጣች። እርጥብ እጇን በፎጣው አድርቃ «መካከለኛ» የሚለውን አንድ በአንድ ሰርዛ በምትኩ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ምልክት አደረገች። የዛሬዎቹን ምን ላድርጋቸው ብላ ስትጠይቀኝ ያዘጋጀነውን ሴራ ሁሉ ተናዘዝኩ። ሊንድሲ ሰምቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ «መሃይሟ፣ ዩኒቨርሲቲ ይህን ነው ያስተማረሽ?» አለኝ።

ኪዮስኳ አልተዘጋችም። ስክሪኑም መጣ፤ ክበቡ ውስጥ ተተክሎ ሽማግሌዎቹ የጨዋታ ውጤት ይጽፉበታል። በዚያ ቀን ሊንድሲ በደብተሩ የጻፈው ይህ ነው፦ «አንዲት ሴት፣ ከከተማ። የሚተፋውን ድንጋይ ጠየቀች፤ ወደ ገንዳው ላክኋት። አይከፋም አለች። ፎጣው አልተመለሰም።»

ከዚያ በኋላ ሁለት በጋ እንግዳ ተቀበለ። ባለፈው ሰኔ ኪዮስኳን ቆልፎ ወደ ቤት ሲሄድ፣ ጥላ ባለበት አግዳሚ ወንበር ላይ ዐረፍ እንዳለ አልተነሣም። በሐምሌ ፖስታ ቤቱ አንድ ጥቅል አመጣ። አድራሻው «ለሚስተር ጎፈሬ ኩዌፍ» ይላል። ውስጡ የታጠበና የተተኮሰ ሰማያዊ ፎጣ፣ ኢሞጀን ስላቆየችው ይቅርታ የምትጠይቅበትም ደብዳቤ ነበር። መሞቱን አልሰማችም። ጽፌ ነገርኳት።

ደብተሮቹን፣ ደብዳቤዋንና ፎጣውን በመዝገብ ቤቱ ሣጥን አሥራ አራት ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። የዕቃው ሁኔታ በሚለው ዓምድ ሥር ሦስት ቃላት ብቻ እንዲጻፉ መመሪያ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፦ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ የተጎዳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ሠራተኛ ከእነዚያ እንዲወጣ ፈቅጄ አላውቅም። በፎጣው አንጻር «አይከፋም» ብዬ ጽፌያለሁ።