የመርማሪው ክራባት

ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርትመንቴ የወሰዱኝ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ነው። ደርግን ተቃውሜ ሰልፍ ስለወጣሁ ኤምባሲያችን ፓስፖርቴን አላደሰልኝም፤ የቪዛዬም ጊዜ አለፈ። ከመጡት ሁለት የኢሚግሬሽን ሰዎች አንዱ ምድጃውን እንዳጠፋ ፈቀደልኝ።

እዚያው አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያስገቡኝ የእስር ክፍል መስኮት የለውም፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። አንዲት በዕድሜ የገፉ፣ ፀጉራቸውን በሻርፕ የሸፈኑ ኢራናዊት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አገራቸው የጌጥ ጥበብ ታሪክ ያስተምሩ እንደነበር በእንግሊዝኛ ነገሩኝ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው መጣ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

"በፈቃዴ አገሬ እመለሳለሁ ብለሽ ፈርሚ። አለበለዚያ እዚሁ ትከርሚያለሽ" አለኝ። "ተመልሼ እስክጠራሽ አስቢበት።"

አገሬ ደርጎች ወንድሜን ገድለው መንገድ ላይ ጥለውታል።

ሲሄድ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። አሮጊቷ እጄን ያዙኝ።

"ክራባቱን አየሽው፣ ልጄ?"

"ምኑን?"

"ጨርቁ ላይ ያለውን፣ ጫፉ የታጠፈ እንባ የሚመስለውን ጌጥ። ከእኛ አገርና ከካሽሚር ሻል በሚባለው የትከሻ ልብስ ላይ ሆኖ አውሮፓ ገባ። የስኮትላንድ ሸማኔዎች ቀዱትና በራሳቸው ከተማ ስም ጠሩት።"

ጣታቸውን ውሃ ነክረው ግድግዳው ላይ ሣሉልኝ። ከጎኑ የሚጠማዘዝ ሐረግ ጨመሩ። "ይሄን ደግሞ የቬኒስ መጽሐፍ ጠራዦች ከሙስሊም ጠራዦች ተማሩት።"

የእኛን የብራና ሐረግ መሰለኝ። በውሃ የተሣለው ከዳሩ መድረቅ ጀምሯል።

"ሰውዬው ይሄን ያውቃል?"

"ማን ይነግረዋል?" አሉ።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ጠባቂ ገብታ "ሻርፕ ክልክል ነው፤ አውልቂ" አለቻቸው። አውልቀው ሰጡ። ከዚያ ፀጉራቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አንገታቸውን ደፉ። ሹራቤን አወለቅኩና ራሳቸው ላይ ጠምጥሜ እጅጌዎቹን ከአገጫቸው ሥር አሰርኩ። ጠባቂዋ አየችን፤ ሹራቡን ሳትነካ እኔን ይዛኝ ወጣች።

የመርማሪው ክፍል ይበርዳል። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሼ ፊቱ ቆምኩ።

"አልፈርምም" አልኩት።

"ይቆጭሻል" አለኝ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

ስመለስ ቦታቸው ባዶ ነው። ወዴት እንደወሰዷቸው ጠባቂዋን ጠየቅኳት። በሩን ቆልፋብኝ ሄደች።

እኔን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጠበቃ ቀጥረው አስወጡኝ፤ በኋላም ጥገኝነት አገኘሁ። ጠበቃውን ስለ እሳቸውም እንዲያጣራ ለምኜው ነበር፤ ያለ ስም የት ይጀምር? በዚያ ሁሉ ወሬ ስም አልተጠያየቅንም።

ዛሬ ግሪንቤልት እኖራለሁ። እዚህ የተወለደችው ልጄ ታሪኩን ሰምታ "ሁ ዋዝ ሺ፣ ማም?" ብላ ማንነታቸውን ጠየቀችኝ።

"መምህሬ ነበሩ" አልኳት።