ዜሮ የተሰጠው ሥር

ፖሊሶች የያዙኝ መራዊ አጠገብ ባለው የሙከራ ማሳ ተንበርክኬ የቲማቲም ሥር ስመረምር ነው። እጄን ልታጠብ ብል «እዚያ ትታጠባለህ» አሉኝ። በጭቃ እጄ ባሕር ዳር እስር ቤት ገባሁ።

ጥፋቴ ደብተሬ ነበር። በአንዱ ዓምድ የዝርያ ቁጥር፣ በሌላው ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ ተጽፎበታል። መርማሪው የምስጢር መልእክት ነው አለ። ኔማቶድ የሚባል ዓይን የማያየው ትል የቲማቲም ሥር ውስጥ ገብቶ እንደሚያሳብጥ፣ እኔም ትሉን የሚቋቋም ዝርያ እንደምፈልግ ነገርሁት። ንጹሕ ሥር ዜሮ ያገኛል፤ እብጠት የሞላበት አምስት።

«ለትል ማርክ ትሰጣለህ?» ብሎ ሳቀ።

በእስር ክፍላችንም የሳቀ እንጂ ያመነ አልነበረም። አጠገቤ የሚተኙት የቁንዝላ ገበሬ፣ ለምን እንደታሰሩ የማያውቁ ሽማግሌ፣ አይስቁም፤ ግን አያምኑኝም። የእሳቸው አለማመን ከሳቁ ይልቅ ከበደኝ። አንድ ሰው እንዲያምነኝ ክፉኛ እፈልግ ነበር።

ግቢው ውስጥ፣ በውኃው በርሜል ሥር፣ ከምግብ ትራፊ የበቀሉ ሁለት ቲማቲሞች ነበሩ። አንዱ ፍሬው ቡጢ ያህላል፤ ሌላው ቀጫጫ ነው፣ ፍሬውም የጣት ጫፍ ቢያህል ነው። ሽማግሌው ለዘር ብለው ትልቁን ይጠብቁ ነበር።

አንድ ጠዋት ፀሐይ ልንሞቅ ስንወጣ «አባቴ፣ ሥሩን ሳያዩ ዘር አይያዙ» አልኋቸው።

«ዘር ከፍሬው ይያዛል እንጂ ማን ሥር ቆፍሮ ያያል?»

«የእርስዎ ቲማቲም ውኃ እየጠጣ እኩለ ቀን ላይ አይጠወልግም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነገረህ? ይኸው ሦስት ዓመቱ። የሰው ዓይን ነው ብዬ ነበር።»

ሳልነቅል፣ አፈሩን በፕላስቲክ ማንኪያ ከጎን ገለጥሁት። የትልቁ ሥር እንደ መቁጠሪያ ተቋጥሯል። የቀጫጫው ሥር በዚያው አፈር ከእሱ ጋር ተጠላልፎ ሳለ ነጭ ነው፤ አንድም እብጠት የለበትም።

«እንዲህ ያለውን እኮ ፍሬው አነሰ ብዬ ከማሳዬ ነቅዬ ጣልሁት!» አሉ። «ለዚህ ስንት ትሰጠዋለህ?»

«እርስዎ ይስጡት።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው «ዜሮ!» አሉ፣ ዘበኛው እስኪዞር ድረስ።

አፈሩን መልሼ እጄን ልታጠብ ስሄድ የውኃውን ጆግ ቀድመውኝ አነሡ። ማስታጠብ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ፤ እንቢ ብልም አልሰሙኝም። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ጎንበስ ብለው አስታጠቡኝ። ደስታዬን ለመደበቅ ፊቴንም አብሬ ታጠብሁ።

እሳቸው ቀድመው ተፈቱ፤ የቀጫጫውን ዘር በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። እኔንም ከወር በኋላ «ሂድ» አሉኝ። ደብተሬን ግን አልመለሱልኝም።

አዲሱ ደብተሬ የሚጀምረው በዚያ ቲማቲም ነው። ቁጥር ስለሌለው «የሽማግሌው» ብዬ ጻፍሁት፤ ነጥቡም እሳቸው የሰጡት ነው። ዘንድሮ ቁንዝላ ወርጄ ማሳቸው ላይ ሥሩን ገልጬ አየሁ፤ አሁንም ዜሮ ነው። ቀና ስል ሽማግሌው ጆግ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ቀማኋቸውና መጀመሪያ እሳቸውን አስታጠብሁ።