ያልደረቀው መደብ

የያዙኝ ቴፒ አጠገብ፣ የቡና ለቃሚዎች ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት ቤቷን እያሳየችኝ ሳለ ነው። ከህንድ ከተመለስኩ ብዙ አልቆየሁም። ለተግባር ልምምድ ሄጄ፣ ለድሆች በርካሽ ቤት ከሚሠሩ ሰዎች ጋር አፈር ሳቦካ ከርሜ መምጣቴ ነበር። ሚዛን ከተማ ወስደው ሴቶች የታሰሩበት ክፍል አስገቡኝ። መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከሥሩ እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሮ ውሃ ያዣል።

መርማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«ህንድ ምን ተማርሽ?»

«ለድሃ ቤት መሥራት።»

«ድሃው ቤት እንደሌለው ማን ነገረሽ?»

«ገብቼ አየሁት።»

የሰፈሩ ሰዎች ለአመፅ እንደጠሩኝ ጽፌ ከፈረምኩ በማግስቱ እንደምፈታ ነገረኝ። አልፈረምኩም። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ የዚያች እናት ፊት ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ነው።

ክፍላችን ውስጥ ሁላችንም እማማ የምንላቸው የቤንች ሴት ነበሩ። ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ በእሱ ፈንታ የታሰሩ ናቸው። እርጥቡ ግድግዳ ሥር ሰሌን ላይ ይተኛሉ፤ ሳሉ ፋታ አይሰጣቸውም። ቦታ እንቀይርዎት ስንላቸው፣ «እናንተ ገና ትወልዳላችሁ» ብለው እምቢ አሉ።

አንድ ቀን የግቢውን ሣር እንድናጭድ ሲያስወጡን ጠባቂዋን አፈር ለመንኳት።

«ምን ልታደርጊበት?»

«እማማ የሚተኙበት መደብ ልሠራ።»

ያላየች መስላ ፊቷን አዞረች። አፈሩን በሳፋ አመላለስን፣ ከሣሩ ጋር በእግራችን ረገጥነው፣ ከግድግዳው አርቀን ከወለሉ ከፍ አድርገን ሠራነው። እማማ ቆመው ያያሉ።

«ይሄን ፈረንጅ ነው ያስተማረሽ?»

«ህንዶች ናቸው፣ እማማ።»

«እነሱ አገርም ጭቃ አለ?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያ አገር ዝናብ ጭቃ ቶሎ አይደርቅም። «ሲደርቅ እተኛበታለሁ» ይሉ ነበር። ሳይደርቅ፣ አንድ ጠዋት ስማቸው ተጠራ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። የት እንደተወሰዱ የነገረን የለም።

ከዚያ የጥበቃው ኃላፊ ገባ። «ይሄን ጭቃ አፍርሱት!»

ማንም አልተነሳም። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ መደቡ ላይ አነጠፍኩት፤ እንግዳ እንደሚመጣበት አልጋ እጥፋቱን በእጄ አቃናሁት። ሌሎቹም የየራሳቸውን ደረቡበት። ሰውየው መደቡን ሳይነካ ወጣ። እስክፈታ ድረስ ማናችንም አልተኛንበትም።

ዛሬ እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ሚዛን፣ ማሻና ጌጫ አካባቢ አቅም ለሌላቸው ሰዎች ቤት አሠራለሁ። ወጣቶች እንዴት እንደጀመርኩ ሲጠይቁኝ ስለ ህንድ እነግራቸዋለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ሰዎቹ ከገቡ በኋላ፣ ዝናብ ሲጥል ሄጄ አንኳኳለሁ። ወንበር ይሰጡኛል። እስኪያባራ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ጣሪያው ማፍሰስ አለማፍሰሱን የማጣራ ይመስላቸዋል።

የማዳምጠው ሳል ነው።