ከዶሮዋ እስከ እስረኛው

ቅዳሜ ጠዋት ከዳላስ ወጣ ብሎ ካለው ሰፈራችን ከዋይሊ የተነሳነው ሁለት ነን፤ እኔና ጋሽ ደምሴ። ጉዞው ሽርሽር አይደለም። ጋሽ ደምሴ ወደ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው ሰው ናቸው፤ ዳላስ ውስጥ ለዓመታት አብረን ታክሲ ነድተናል። ከጥቂት ወራት በፊት ልጃቸው ሳሮን ኤርፖርቱ አጠገብ ዩለስ ካለው አፓርትመንታቸው አውጥታ እኔ ሰፈር ወደገዛችው አዲስ ቤት አመጣቻቸው። ከዚያ ወዲህ ከክፍላቸው ወጥተው አያውቁም። ሐኪሙ "ይራመዱ" ይላል። እሳቸው "ወዴት?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ዋይሊ ሣር አለው፣ ጋራዥ አለው፤ መንገድ ላይ ሰው የለውም።

ሳሮን በር ላይ ቆማ፣ "ጋሼ ጌታሁን፣ ማለቴ፣ ዝም ብሎ ግድግዳ ነው የሚያየው። እግሬ ደከመ ይለኛል። ሶ፣ የፈለገበት ውሰደው" አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ነርስ ናት፣ ይህ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። እኔ ግን ያልነገርኳት ሐሳብ ነበረኝ፤ ዩለስ ድሮ ቡና እየጠጣን እንቆምበት ከነበረው ሱቅ አጠገብ ክፍል አግኝቼ ልመልሳቸው። ሰው ግድግዳ እያየ ከሚያልቅ ብቻውን ቢኖር ይሻላል።

ዶሮዋ

በጋርላንድ አድርገን ዳላስ ገባን። መንገዱ ግራና ቀኙ ያው ነው፤ ፊቱ ፓርኪንግ የሆነ፣ በአንድ ጣራ ሥር የተደረደረ ሱቅ። ልብስ ማጠቢያ፣ ጥፍር ቤት፣ ዶናት ቤት፣ ድሮ ቪዲዮ ይከራይበት የነበረ ቤተ ክርስቲያን። እኛ ሾፌሮቹ ለእያንዳንዱ ስም ነበረን። ያኔ እኔ ማንበብ አልችልም፤ ፊደል የቆጠርኩት አርባ ካለፈኝ በኋላ ነው። የሱቁን ስም ቢነግሩኝ ምን ይረባኛል? ስለዚህ በሚታየው ነገር ይጠሩልኝ ጀመር፤ ኋላ ሁሉም ለመደው። አንዱ "ዶሮዋ ጋ ነኝ" ካለ፣ ጣራው ላይ ትልቅ የፕላስቲክ ዶሮ የቆመችበት ጥብስ ቤት ነው፤ አለቀ። አድራሻ የሚጠይቅ ሰው አዲስ ሰው ነው።

ስንደርስ ዶሮዋ የለችም። ጣራው ግራጫ ተቀብቷል፤ ቤቱ የኤሌክትሪክ ሲጋራ ይሸጣል።

"በሏት" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ይውረዱ እንጂ፣ እግርዎን ያፍታቱ።"

"ለማን ብዬ? ለጭሱ?"

ጎኑ ያለው ዶናት ቤት ግን እንዳለ ነው። ሁለት ትኩስ ይዤላቸው መጣሁ። ግማሹን በልተው፣ ስኳሩን ከጣታቸው እየላሱ፣ "ይቺስ አልተለወጠችም" አሉ። ከመኪናው ግን አልወረዱም።

ቀዝቃዛው

ዩለስ ስንደርስ አውሮፕላን በአናታችን አለፈ። ጋሽ ደምሴ ሳልነግራቸው ቀበቷቸውን ፈቱ። "ቀዝቃዛው" የምንለው ሱቅ እንዳለ ነው። ስሙን ያገኘው በአየር ማቀዝቀዣው ነው፤ በዚያ ሰው በሚያበስል ሙቀት ከኤርፖርቱ ጥሪ ስንጠብቅ የምንሸሸው እዚያ ነበር። ወተት፣ ሎተሪ፣ የሞተር ዘይት፣ ሁሉም በየነበረበት አለ። ባለቤቱ የኔፓል ሰው ነው፤ ፀጉሩ ነጥቷል።

"ሚስተር ሁለት ስኳር!" ብሎ ጮኸ፣ በእንግሊዝኛ። ቡናውን ራሱ ቀዳ፤ ሁለት ስኳር ጨመረ። ጋሽ ደምሴ በድሮ ቦታቸው፣ በበረዶው ሣጥን አጠገብ ቆሙ። ዋይሊ ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብለው አይቻቸው አላውቅም።

"እኔ እኮ እጠላችሁ ነበር" አለ ሰውዬው እየሳቀ። "አንድ ቡና ገዝታችሁ ግማሽ ቀን ትቆማላችሁ። ሚስቴ አባርራቸው ትለኝ ነበር። ግን ሱቁን ስከፍት ባዶ ነበር፤ ቀለሙ ይሸታል፣ ማንም አይገባም። ኋላ የእናንተን መኪኖች ያየ ሁሉ፣ እዚያ ምን አለ እያለ መግባት ጀመረ።"

ይህን ለጋሽ ደምሴ ጮክ ብዬ በአማርኛ ደገምኩላቸው፤ ጆሯቸው ደክሟል። "አዲስ ነበር እንዴ?" አሉ። "እኔስ ሲፈጠርም አሮጌ የነበረ ይመስለኝ ነበር።"

ከሱቁ ጀርባ ካለው አፓርትመንት ላይ የኪራይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ወስጄ አሳየኋቸው፤ ያሰብኩትንም ነገርኳቸው።

"ሾፌሮቹስ?" አሉኝ።

"ገሚሱ ሌላ ስቴት ነው። ገሚሱ መቃብር።"

"እና እዚህ ከማን ጋር ልቁም? ከበረዶው ጋር?"

ተናድጄ መኪናውን አስነሳሁ።

መልስ

ወደ ዋይሊ ተመለስን። ቀኔም ነዳጄም እንዲያው ተቃጠለ ብዬ ነበር። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ነጭ ድንጋይ የለበሰ አዲስ የሱቅ ረድፍ አለ፤ ትናንት ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ገሚሱ ገና ባዶ ነው። በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ ገብቼ አላውቅም።

"ፓርክ አድርግ" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ምን ፈልገው?"

"ፓርክ አድርግ አልኩህ!"

ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ገቡ። ቡና አሉ፣ ሁለት ስኳር። ሁለት ዶላር ለዚያ እጣቢ! ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ። ካሸሯ ጥቂት ታገሰችና፣ "ሌላ የሚፈልጉት አለ?" አለች።

"ኖ" አሉ። "ቆሜ ነው።"

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። "ይቆማሉ" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ደጁ ላይ ገና የተተከለ ቀጭን ዛፍ አለ፤ በሦስት በኩል በሽቦ ተወጥሯል።

"ይኼ ደግሞ ምን አጥፍቶ ታሰረ?" አሉ።

"ነፋስ እንዳይጥለው ነው። ሥር ሲሰድ ይፈቱታል።"

"እስረኛው" አሉ፤ ብዙ ጊዜ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ሳሮን ደወለች። "ጋሼ፣ አባዬ የለም! ክፍሉ ባዶ ነው! ፖሊስ ኮል ላድርግ?"

"ጫማቸውስ?"

"የለም!"

"ጥግ ላይ ያለው አዲሱ ሱቅ ናቸው።"

በቀስታ፣ "በእግሩ?" አለችኝ።

ገና ስልኩን ሳልዘጋ ሌላ ጥሪ ገባ። "እስረኛው ጋ ነኝ" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ቡናው ዛሬም ክፉ ነው። ና።"

አሮጌ ሱቅ ፍለጋ ያን ሁሉ ሀይዌይ መንዳቴ ቂልነት ነበር ልል ብዬ ተውኩት፤ ቀዝቃዛው ጋ ባንሄድ ኖሮ አዲስ ሱቅን የድሮ ሱቅ የሚያደርገው የሚቆምበት ሰው መሆኑን ማን ይነግረን ነበር? ቁልፌን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩትና በእግሬ ወጣሁ።

ካሸሯ ሁለት የወተት ሣጥን ገልብጣ ዛፉ ሥር አውጥታላቸዋለች። አንዱ ላይ ተቀምጠዋል።

"ዘገየህ" አሉኝ፣ ባዶውን በከዘራቸው ወደ እኔ እየገፉ።